ጡረተኞች ሆይ፣ ደብተር ግዙ!

ደብተር ግዙ! ዛሬውኑ፣ ሱቁ ሳይዘጋ። ሽፋኑ ላይ ኳስ ተጫዋች ይኑርበት አበባ፣ ግድ የለም። እስክሪብቶ ጨምሩበትና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በዕለቱ ደህና የሆኑላችሁን ሦስት ነገሮች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ለምን እንደሆነ ጻፉ። አለቀ! ምዝገባ የለው፣ ክፍያ የለው፣ አሠልጣኝ የለው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ካገኘሁት ነገር ሁሉ፣ መነጽሬን ጨምሮ፣ ይህን የሚያህል አላየሁም።

አውቃለሁ፤ ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ አፉን ሞልቶ የሚያወራ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «አቦ፣ የማን ጫት ነው?» ነው። አልቃምኩም። ከቀኑ 9 ሰዓት በርጫ ላይ ስንት ፎቅ ተገንብቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንደሚፈርስ የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም። ይሄኛው ግን በማግስቱም ቆሞ ይገኛል፤ ያስደነቀኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ያመጣው ማርቲን ሴሊግማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ሰውየው መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው በደስታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያጠናው ተስፋ መቁረጥን ነበር። ምንም ቢያደርጉ ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የቆዩ ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲመቻችላቸውም ብዙዎቹ ጥቅልል ብለው ተኙ እንጂ አልተነሡም። ከዚህ ጨለማ ጥናት የተነሣው ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲሆን ባልደረቦቹን እንዲህ አላቸው፤ እስከ ዛሬ ያጠናነው ሰው እንዴት እንደሚታመም ነው፣ እስቲ ደግሞ ሰው እንዴት ደህና እንደሚሆን በተመሳሳይ ጥንቃቄ እናጥና። አዎንታዊ ሥነ ልቦና የሚባለው ዘርፍ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እሱና ሦስት ባልደረቦቹ ይቺን የደብተር ነገር ፈተሿት። ፈቃደኞቹን በኢንተርኔት ሰበሰቡና ከፋፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሦስት መልካም ነገሮችን ከነምክንያታቸው ጻፈ። ሌላው፣ ለማወዳደሪያ የተመደበው፣ የልጅነት ትዝታውን ጻፈ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ሦስት መልካም ነገር የጻፉት አሁንም ከሌላው ቡድን የተሻለ ደስታና ያነሰ የድብርት ስሜት ነበራቸው። የአንድ ሳምንት ሥራ፣ የስድስት ወር ውጤት! ምሥጢሩ ደግሞ ደስ ይላል፤ ሳምንቱ ካለቀ በኋላ «ቀጥሉ» ሳይባሉ ጣፍጧቸው በራሳቸው ፈቃድ የቀጠሉት ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት።

አሁን ይህ ለምን ለጡረተኛ፣ ያውም ለድሬ ጡረተኛ፣ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ድሬዳዋ የሰዓት ልጅ ናት። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከዚራ ሰፈር ሰው የኖረው በባቡር መምጫና መሄጃ ነው። የባቡር መጠገኛው አቴሊዬ የራሱ ሰዓት ነበረው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የራሱ ፈረቃ ነበረው፣ ሲሚንቶው የራሱ ነበረው። ሰው ሲጠፋ የሚፈለገው በሰዓቱ ነው፤ «አሁን እኮ ፈረቃው አልወጣም» ይባላል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን የሠራ ሰው አንድ ጠዋት 60 ዓመት ሞላውና ሰዓቱን ተነጠቀ።

ገንዘቡ ታስቦበታል እንኳ። የመንግሥት ሠራተኛው ድሮም ጡረታ ነበረው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ሕግ ወጥቶለታል፤ ዛሬ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይሰበሰባል። ይብቃም አይብቃም፣ ለኪሳችን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቧል። ለማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ግን ማን አሰበልን? ማንም! ሸሚዝ ተተኩሷል፣ ጫማ ተጠርጓል፣ መሄጃ የለም። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን እነዚያን የሴሊግማን ውሾች ባውቃቸው ኖሮ ሰላም እላቸው ነበር።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ሰውን ሁሉ የሚማርከው የሦስቱ ነገሮች ዝርዝር እኔን ብዙም አላስደነቀኝም። ያሳበደኝ ሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ለምን? የሚለው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንደማይወራረድ ሁሉ ምክንያት የሌለው ደስታም አይወራረድም ማለት ነው! እንዲሁ «ዛሬ ደህና ዋልኩ፣ ተመስገን» ብሎ መተኛትማ አያቶቻችንም ያደርጉታል፤ ደግም ነው። «ለምን ደህና ዋልኩ?» ብሎ እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ ከራሴ ደብተር ልገልብጥላችሁ።

ግራ፦ ዘይቱን በርካሽ ገዛሁ። ቀኝ፦ ሻጯ ባለቤቴን ስለምታውቃት። (የሌላ አገር ሰው ዘይቱን ሲል ወይራ ነው የሚያስበው፤ የእኛ ዘይቱን ሌላው «ዘይቶና» የሚለው ፍሬ ነው፤ መዓዛው ቤት የሚሞላው።) ግራ፦ ባጃጁ በዚያ ሙቀት ቆሞ ጠበቀኝ። ቀኝ፦ ልጁ የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ስለሆነ። ግራ፦ ማታ ነፋስ ነፈሰ። ቀኝ…

ነፋሱ ላይ ብዕሬ ቆመ። ለነፋስ ምን ምክንያት ይጻፍለታል? እግዜር ብዬ ልጽፍና ልተኛ ስል አሰብኩት። ነፋሱማ ሲነፍስ ይኖራል፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ ብሆን አላገኘውም ነበር። ውጭ የነበርኩት ጎረቤቴ ሁለት ወንበር አውጥቶ አንዱን ለእኔ ስላደረገው ነው። ጻፍኩት፦ «ጎረቤቴ ወንበር ስላወጣልኝ።» ሌሊቱን በሙሉ ሲያስገርመኝ አደረ። ነፋስ እንኳ በሰው በኩል ነው የሚደርሰኝ!

ከዚያ በኋላ የቀኙን ዓምድ ብቻ ወደ ታች አነበብኩት፤ የሰው ስም ዝርዝር ነው። ሻጯ፣ የባጃጁ ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ ባለቤቴ፣ የመስጊዱ አጠገብ ባለ ሱቅ፣ እንደገና ባለቤቴ፣ እንደገና ባለቤቴ። (ይህን ለእሷ አላሳየኋትም፤ ዋጋዋን ትጨምራለች።) ከ2005ቱ ጥናት ባለቤቶች አንዱ የሆነው ክሪስቶፈር ፒተርሰን ዘርፉን በአጭሩ ንገረን ሲባል የሚመልሰው ሌሎች ሰዎች ዋጋ እንዳላቸው ነበር። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የ724 ወንዶችን ሕይወት እስከ እርጅና ድረስ ሲከታተል ኖሮ የደረሰበት ይኸው ነው፤ በ50 ዓመታቸው በቅርብ ሰዎቻቸው የረኩት በ80 ዓመታቸው ጤነኞች ሆነው ተገኙ፤ የኮሌስትሮላቸው መጠን እንኳ ያን ያህል አልተነበየም። እነሱ ሰባ ሰማንያ ዓመት የፈጀባቸውን እኔ በአንድ የትምህርት ቤት ደብተር የቀኝ ዓምድ አየሁት። እብድ አይደለሁም፣ ለማንም አሳያለሁ!

ከደብተሩ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እግር ነው። ፍሬድ ብራያንት የሚባል ተመራማሪ ማጣጣምን ዕድሜ ልኩን አጥንቷል። መልካም ነገር መድረሱ አይበቃም፣ ሲደርስ ማጣጣም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው ይላል። ሰዎችን በየቀኑ ለ20 ደቂቃ ለአንድ ሳምንት እንዲራመዱ አድርጓል፤ አንዳንዶቹ እንዲሁ ይራመዳሉ፣ ሌሎቹ ደስ የሚለውን ነገር ሁሉ እያዩ፣ እየሰሙ፣ እያሸተቱ፣ ለምን ደስ እንዳላቸው ለራሳቸው እየነገሩ ይራመዳሉ። ደስታቸው የጨመረው እነዚህኞቹ ናቸው።

እኔ ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ምክንያቱም ይህንን ሰውዬ አንድ ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ከዚራ ቢያመጣው ጥናቱን በአንድ ምሽት ይጨርስ ነበር! ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር ፊት ለፊት ጀምሩ። ፈረንሳዮቹ በገመድ እንደለኩት ቀጥ ያለው መንገድ፣ በግራና በቀኝ ዛፉ ከላይ ተገናኝቶ ጣሪያ ሠርቷል። ፀሐዩ በቅጠሉ ቀዳዳ እየሾለከ አስፋልቱ ላይ ይረጫል፤ ስትራመዱበት ጫማችሁ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ በሙቀቱ ተዘግቶ የነበረው ሱቅ ሁሉ በሩን እየከፈተ ነው፤ ደጁ ላይ ውኃ ይረጫሉ፤ የረጠበው አፈር ሽታ ይነሣል። ጥግ ላይ ባጊያ ዘይት ውስጥ ገብታ «ጭስስ» ትላለች። አንዲት ሴት ለደንበኛዋ በኦሮምኛ ጀምራ፣ በሶማሊኛ ዋጋ ጠርታ፣ በአማርኛ ትሳደባለች፤ ሰውየው በሦስቱም ይስቃል። ይህን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ሄጄበታለሁ፤ ግን ሥራ እንዳይረፍድብኝ ነበር። ሳይረፍድብኝ ስሄድበት መንገዱ ሌላ ሆነ።

ስትመለሱ ጣቢያው ጋ ቆም በሉ። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ እዚህ ሲያልፉ ይተክዛሉ፤ አልፈርድም። ማጣጣም ግን ለትዝታም ይሠራል፤ ብራያንት ያለፈውን ደስታ መልሶ ማሰላሰልንም ከማጣጣም ይቆጥረዋል። የልጅነት ጓደኛዬን መልሼ መላልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ባቡሩ ሲገባ መጀመሪያ የምትሰማው ምን ነበር?» መልሱን በየጊዜው ይቀይረዋል። አንድ ቀን ፊሽካው፣ አንድ ቀን ሐዲዱ፣ አንድ ቀን የኮንትሮባንድ ነጋዴዎቹ ሩጫ! ሁሌም የሚናገረው እየሳቀ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ ብቻ ሳይሆን ወዳናደደኝ ግኝት ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሄዱ። በአንዱ ፎቅ ላሉት አረጋውያን «ክፍላችሁን እንዳሻችሁ አድርጉ፣ ፊልም የምታዩበትን ቀን ራሳችሁ ምረጡ፣ ከፈለጋችሁም ይህን ተክል ወስዳችሁ ራሳችሁ ተንከባከቡ» ተባለ። በሌላው ፎቅ ያሉት ደግሞ በደግ አንደበት «እኛ ሁሉን እናደርግላችኋለን» ተባሉ፤ ተክልም ተሰጣቸው፣ ውኃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ነቅተው፣ ይበልጥ እየተንቀሳቀሱ፣ ይበልጥ ደስ ብሏቸው ተገኙ። ሁለቱም ፎቅ ላይ እንክብካቤው ያው ነው፣ ተክሉ ያው ነው! ልዩነቱ ውኃውን ማን ያጠጣል የሚለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ እያንዳንዳችን ቤት ግቡ። «አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል፣ እኔ አመጣለሁ።» «እማዬ፣ ምን አደከመሽ፣ ተዪው።» ዳቦ ልገዛ ብድግ ስል ሦስት ሰው ይነሣል። የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ ከልጄ ጋር ያወራል፤ ቧንቧውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ! ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ግን ያ ሁለተኛው ፎቅ ነው። እኛ አገር ወላጅን የሚጦር ልጅ ይመሰገናል፣ ደግሞም ይገባዋል። ጠዋት ዳቦ ማምጣትን ከአባቱ የሚወስድ ልጅ ግን ዳቦ ብቻ አይደለም የወሰደው፤ ከዳቦ ቤቱ ሰው ጋር የሚወራውን ወሬ፣ ዙሪያ ሄዶ በጥላ መመለሱን፣ «ዛሬስ ረፈደብህ» መባሉን ሁሉ ነው የወሰደው። ከቀኙ ዓምድ ስንት ስም እንደሚጎድል አስቡት!

ስለዚህ ዐዋጅ አወጣሁ። ዳቦ የእኔ ነው። የመብራት ክፍያ የእኔ ነው። ግቢው ውስጥ በወተት ጣሳ የተተከለች አንዲት ጤና አዳም አለች፤ ከእኔ በቀር ማንም አያጠጣትም። አንድ ቀን ልጄ ለደግነት ብላ አጠጣቻትና ቤቱ ሊታመስ ነበር። «ሁለት ጊዜ ጠጥታ ምን ትሆናለች አባዬ?» አለችኝ። ምንም አትሆንም፤ የምሆነው እኔ ነኝ። አሁን ገብቷታል። ቡና ሲፈላ «አባዬ፣ ከዛፍህ ትቆርጥልናለህ?» ትለኛለች፤ እኔም በመቀስ፣ እንደ ትልቅ ሥራ፣ አቦሉ ላይ አንዲት ዘለላ ጣል አደርጋለሁ።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ቤካ ሌቪ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት ኦሃዮ ውስጥ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 660 ሰዎች ስለ ራሳቸው እርጅና ምን እንደሚያስቡ ከተጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደኖሩ አየች። እርጅናቸውን በበጎ ዓይን ያዩት ከሌሎቹ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል በላይ ኖሩ። ስለዚህ «ጃጀ» እየተባባላችሁ የምትቀልዱ የካርታ ጓደኞቼ፣ ቀልዱን ቀጥሉ፤ ብቻ አትመኑት።

ቀልድ ካነሣሁ፣ ይህንን ስሙኝ! ፒተርሰንና ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ የሰውን ልጅ መልካም ጠባይ ከየሃይማኖቱና ከየባህሉ አጥንተው 24 አድርገው ዘርዝረዋል። የማወቅ ጉጉት አለበት፣ ደግነት አለበት፣ ይቅር ባይነት፣ ምስጋና፣ ፍትሕ፣ መንፈሳዊነት አለበት። ከእነዚህ መሐል፣ ከጀግንነትና ከጥበብ እኩል ተቀምጦ፣ ጨዋታ አዋቂነት አለ! ቀልድ! ድሬዳዋ ዕድሜዋን ሙሉ «ቁም ነገር የላቸውም» ስትባል የኖረችበት ነገር በሳይንስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህን ያነበብኩ ዕለት ከተማውን ዞሬ ለማወጅ ምንም አልቀረኝም።

ልምምዱ እንዲህ ነው፤ ከ24ቱ የእናንተ የሆኑትን ለዩ፤ ከዚያ አንዱን በየቀኑ አድርጋችሁት በማታውቁት መንገድ ተጠቀሙበት። በዚያው በ2005ቱ ጥናት ይህም እንደ ደብተሩ ስድስት ወር ድረስ ሠርቷል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሰው አሉ። የድሮው ምድር ባቡር ሥራው በፈረንሳይኛ ስለነበር ፈረንሳይኛቸው እስከ ዛሬ ሽክ ያለ ነው፤ ግን የሚያናግራቸው አልነበረም። ዛሬ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ የሰፈሩን ልጆች ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ስልካቸውን ያስተካክሉላቸዋል። ክፍያው ይኸው ነው። እሳቸው ሴሊግማንን አያውቁትም፤ ነግሬያቸው «ፈረንሳዊ ነው?» አሉኝ፤ አይደለም ስላቸው ፍላጎታቸው ቀነሰ።

የምስጋና ጉብኝት የሚባል ደግሞ አለ። ከሁሉም ልምምድ ወዲያው ሞቅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ግን ይበርዳል፤ ይህንንም ጥናቱ ራሱ ደብቆ አላለፈውም። ደግ ሠርቶልን በደንብ ያላመሰገንነው ሰው እንመርጣለን፣ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ሄደን ፊት ለፊት እናነብለታለን። እኔ የሒሳብ ሥራን ያስተማሩኝ አለቃዬ ጋ፣ ሳቢያን ሰፈር ድረስ፣ ሄድኩ። ቡና መጣ። ወረቀቴን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ አዲስ ተቀጥሬ የወሩ ሒሳብ አልዘጋ ብሎኝ ሳለቅስ፣ ማታ ቆይተው አብረውኝ የደመሩትን። እየሰሙኝ ዓይናቸው እየጠበበ መጣ። ጨርሼ ቀና ስል ለአፍታ ዝም አሉና፦ «አንተ፣ ስንት ልትበደረኝ ነው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስወጣ ግን ወረቀቱን አልመለሱልኝም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «ሆድ ሲራብ ደብተር አይበላም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደብተር ጡረታ አይጨምርም፣ የዘይት ዋጋ አያወርድም። ይህን ዕውቀት ይዞ «ችግርህ አመለካከትህ ነው» የሚል ሰው ካያችሁ ከእኔ ጋር አታገናኙት። ይህች ከተማ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደባት ናት። በዚያ ሌሊት ልጅ ያጣች እናት ዛሬ ጡረተኛ ናት። ለእሷ ሄዶ «መልካም መልካሙን አስቢ» ማለት ድፍረት ነው። ደብተሩ ሐዘኑን ፍቂው አይላትም። ልምምዱ የሚጠይቀው ከክፉው ጋር አብሮ የዋለው ደህና ነገር ሳይመዘገብ እንዳይቀር ብቻ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላው፣ መኖር የሰለቸው ሰው ደግሞ ደብተር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ድረስ አብራችሁት ሂዱ። መሸኘታችሁም በእሱ ቀኝ ዓምድ ላይ ይገባል።

አያያዙን በሚመለከት ከእኔ ግለት ይልቅ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ የምትባለውን ተመራማሪ ስሟት። ሰዎች በረከታቸውን እንዲቆጥሩ ስታደርግ በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት በሳምንት ሦስት ጊዜ ከጻፉት ይልቅ መጠቀማቸውን አየች፤ ሲደጋገም ሰው ይሰለቻል፣ እንደ ቅጽ መሙላት ይሆንበታል። ደግነትንም ስትፈትሽ አምስት ደግ ሥራ በአንድ ቀን ሰብስበው የሠሩት ሳምንቱን ሙሉ ካንጠባጠቡት ይልቅ ደስ አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ሳምንት ማታ ማታ ጻፉ፤ መሰልቸት ሲመጣ ወደ ሳምንት አንዴ አውርዱት፤ ለደግነትም አንድ ቀን ምረጡለት። የእኔ ቀን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሰፈር ውስጥ የጡረታ ደብተሩ የጠፋበት፣ ፎርም መሙላት ያልቻለ፣ የባንክ መልእክት ያልገባው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ይሰለፋል። ሰዓት ተነጥቄ ነበር ብያችኋለሁ አይደል? አሁን ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እኔን ማግኘት ወረፋ አለው!

«እኔ መጻፍ አልችልም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ፤ የእናንተ እንዲያውም ከእኛ ይበልጣል። አንዲት ጎረቤታችን ፊደል አልቆጠሩም። የልጅ ልጃቸውን አስቀምጠው ማታ ማታ ይነግሯታል፣ ልጅቷ በትምህርት ቤት ደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች። ልጅቷ «ለምን?» የምትለውን ጥያቄ እንደ ሥራዋ ይዛዋለች፣ አትምርም። «ሽሮው ጣፈጠ» ይላሉ አያቷ። «ለምን?» «በርበሬው ጥሩ ስለሆነ።» «በርበሬውስ ለምን ጥሩ ሆነ?» «እናትሽ ስለደለዘችው።» ልጅቷ የእናቷን ስም ትጽፋለች። ባለፈው ሲያስነብቧት በድንገት አቋርጣ፦ «አያቴ፣ እኔ እኮ አንድም ቦታ የለሁም!» ብላ አኮረፈች። አያቷ ሳቁና «የጻፈው ማን ሆነና» አሏት። ልጅቷ ግን አልተቀበለችም፤ ደረሰኝ ይቆረጥልኝ ብላ፣ በዚያው ማታ ሦስተኛው መስመር ላይ ስሟን በትልልቁ አስገባች።